የሃቦኔ ሽንኩርት

ጎረቤቴ ዓብዲሳ መኪና መንዳት ካቆመ በኋላም የሚኖረው እንደ ሾፌር ነው። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሞ ይነሳል፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ ረጅም መንገድ እንደሚጠብቀው ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰማዩን ያያል። መሄጃ ግን የለውም። ቢሄድ እኔ ቤት ነው፤ ያውም በአጥሩ ቀዳዳ።

የተወለደው ከካቺሲ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። አምቦ የመጣው ከተማችን በመሥሪያ ቤት ማኅተም ላይ ሀገረ ሕይወት እየተባለች በምትጻፍበት ዘመን፣ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ነው። ፊደል የቆጠርነው አንድ ላይ፣ ጢም ካወጣን በኋላ ነው፤ እሱ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት፣ እኔ ደግሞ ደብዳቤዬን ራሴ ለማንበብ። ፈቃዱን ካገኘ ወዲያ እስኪያረጅ ድረስ የአንድ ነጋዴ መኪና ይዞ የአምቦ ውሃ ሳጥን ወደ ነቀምት፣ ወደ ጊንጪ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልስ ኖረ። ስለዚህ ስለ አምቦ ውሃ ከእሱ ጋር ክርክር መግጠም አይቻልም።

«ጋዙ ለሆድ ጠላት ነው» ይላል። ሳይጠጣ በፊት አውራ ጣቱን ጠርሙሱ አፍ ላይ አድርጎ ይነቀንቀዋል፣ ትስ ያሰኘዋል፣ እንደገና ይነቀንቀዋል፤ ውሃው ዝም እስኪል። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚቀመጡ ሾፌሮቻችን ብዙዎቹ እንዲህ ነበሩ። ዓብዲሳ ግን ነገሩን ሃይማኖት አደረገው። እንግዳ ቤቱ መጥቶ ውሃውን እንዳለ ሊጠጣ ሲል ከእጁ ተቀብሎ ነቅንቆ የሚመልስለት ሰው ነው።

ሚስቱ ሃቦኔ በልጅነቷ ፍል ውሃው አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ለዋና የሚመጡት የአዲስ አበባ ሰዎች ምግብ እስኪቀርብ የሚቆረጣጥሙት ነገር ይሻሉ፤ ሊጥ ለብሶ ዘይት ውስጥ የሚጠበስ ሽንኩርት መሥራት እዚያ ለመደች። ትዳር ይዛ ከሆቴሉ ስትወጣ ሙያውን ቤቷ ይዛው መጣች። ዓብዲሳ ቅዳሜ ከሰዓት ከመንገድ ሲመለስ፣ መኪናውን ሳያጥብ፣ በረንዳው ላይ ሽንኩርቱ ይጠብቀዋል። ማጥቀሻው አዋዜ ነው። እነሱ ወንጌላውያን ስለሆኑ ጠጅም አረቄም ቤታቸው አይገባም፤ አዋዜውን በሎሚ ታቀጥነውና ትንሽ ሰናፍጭ ትጨምርበታለች። ያ ሽንኩርት ሲበላ ድምፁ እኔ ቤት ይሰማ ነበር። ባለቤቴ በልጁ ስም እየጠራች «የዱረቲ አባት ገቡ» ትል ነበር፣ መኪናውን ሳይሆን ሽንኩርቱን ሰምታ።

ከሽንኩርቱ ጎን ሁልጊዜ በግማሽ የጎደለ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አለ። ሃቦኔ በብርጭቆ ትቀዳለታለች። ዓብዲሳ እንደ ልማዱ ጋዙን ለማውጣት በማንኪያ ሊያማስለው ሲል እጁን ትይዘዋለች።

«ተወው፣ ራሱ ይረጋል» ትለዋለች።

ቅዳሜ ብቻ ይታዘዝላታል።

ሃቦኔ በ2012 ክረምት አረፈች። አንዲቷ ልጃቸው ዱረቲ ካቺሲ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ከቀብሩ በኋላ አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች እንጂ የእናቷን ወጥ ቤት ደጃፍ አታልፍም። የምትፈልገው ነገር ካለ «አባ፣ አቀብለኝ» ትላለች፤ እሱም ያቀብላታል። ስለዚህ ነገር ሁለቱም ተናግረው አያውቁም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ዱረቲ ስልክ ደወለች። ዓብዲሳ ጆሮው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ነው የሚያወራው፤ እኔም አጠገቡ ነበርኩ።

«አባ፣ እወስድሃለሁ። ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች እናከራየዋለን። አንተ በዳቦና በሻይ ነው የምትኖረው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ቀበቶህ። ባለፈው ሳይህ አዲስ ቀዳዳ በስተህበታል።»

«ካቺሲ ምን እሠራለሁ?»

«የተወለድክበት አገር አይደለም እንዴ?»

«መወለዱንማ ተወለድኩበት። የኖርኩት ከእናትሽ ጋር እዚህ ነው።»

ከዚያ ዓብዲሳ እኔን እያየ እንዲህ አላት። «ቅዳሜ ነይ። የእናትሽን ሽንኩርት በገዛ እጄ ሠርቼ አቀርብልሻለሁ። በልተሽው እሷ የሠራችው ካልመሰለሽ ልብሴን ራሴ እጭናለሁ፤ ከመሰለሽ ግን ይህ ወሬ ሁለተኛ አይነሳም።»

ስልኩን ሲዘጋው «ሽንኩርት መላጥ ትችላለህ?» አልኩት።

«ጎማ የፈታሁ ሰው» አለኝ።

ሥራው ግን እንደ ጎማ አልሆነለትም። ያን ሳምንት በየቀኑ በአጥሩ ቀዳዳ ይጠራኝ ጀመር። በእርግጥ ብዙውን ያውቀዋል፤ ሃቦኔ እንዴት እንደምትሠራው ስታጫውተው የኖረ ሰው ነው፤ ስትሠራው ግን እሱ መንገድ ላይ ነበር። ቀይ ሽንኩርቱን የትንሽ ጣት ውፍረት አድርጎ በክብ ይቆርጠዋል፣ ክቡን አንድ በአንድ ይለያያል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያቆየዋል፣ በንጹህ ጨርቅ ያደርቀዋል፣ መጀመሪያ ደረቅ ዱቄት ያለብሰዋል። ስንዴውም የደንዲ ስንዴ ነው፤ እሷ ከሌላ አገር ስንዴ አትገዛም ነበር። ዱቄቱ ላይ ጨውና ትንሽ በርበሬ ጨምሮ በአምቦ ውሃ ይበጠብጠዋል፤ እሷም በዚያው ነበር የምትበጠብጠው። ዘይቱ መጋሉን ለማወቅ የሊጥ ጠብታ ይጥልበታል። ሁሉም ልክ ነው። የሚወጣው ነገር ግን ልክ አይደለም።

«ቀጀላ፣ ቅመስ» ይለኛል።

«የትናንቱ ገና አልወረደልኝም።»

«ቅመስ እንጂ ሰውዬ። ምን ይመስላል?»

«ዝናብ የመታው ገመድ።»

«አንተ ጥርስ ስለሌለህ ነው።»

«ጥርስ ለሌለውማ ይሄ ነው የሚስማማው። የእሷን የበላሁት ጥርስ ሳለኝ ነው፤ ይንኮሻኮሽ ነበር።»

ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ ድስቱን ትክ ብሎ ያየዋል። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ። «ደግማ አትሠራልኝም፣ ይህን ተቀብያለሁ። ግን አፌ ውስጥ አለ እኮ ቀጀላ፤ አፌ ያስታውሰዋል። እጄ ነው የማያውቀው። እንዲህ ሆኜ ካቺሲ ብሄድ አፌም ይረሳዋል።» አዋዜው ግን ሰምሮለት ነበርና እሱን አሞገስኩለት።

ቅዳሜ ደረሰ። ዓብዲሳ ከማለዳ ጀምሮ ሸሚዙን ለብሶ ይጠብቃል። የውሃውን ጠርሙስ ከፍቶ፣ ጋዙን ጨርሶ አውጥቶ፣ ሊጡን በጥብጦ፣ በሳህን ከድኖ አስቀምጧል። ሁለተኛ ጠርሙስ ለመጠጥ ብሎ ጥላ ውስጥ አኑሯል። ዱረቲ ከሰዓት በኋላ መጣች። በትከሻዋ ትልቅ ባዶ ቦርሳ አንግታለች፤ ሁለታችንም አየነው።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ቀጀላ» አለችኝና ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። «አባቴን አከሳኸው።»

«የሚሠራውን ብበላለት ኖሮ እኔም እከሳ ነበር» አልኳት።

በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ዓብዲሳ ጠብሶ በሳህን አመጣ፤ መሐሉ ላይ የአዋዜው ስኒ። መልኩ ያምራል። ዱረቲ አንዱን ክብ አነሳች፣ አጠቀሰች፣ ነከሰች። ሽንኩርቱ ከሊጡ ውስጥ ተንሸራትቶ ወጣና አገጯ ላይ ተንጠለጠለ። አልሳቀችም። በእጇ ሰብስባ ዋጠችው፣ አንድ ሌላ ወሰደች፣ እሱንም ዋጠችው። ከዚያ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«አዋዜው የእማዬ ነው» አለች።

«ሽንኩርቱስ?»

መሬት መሬት አየች። «አባ፣ እዚያም ሽንኩርት አለ። እኔ እጠብስልሃለሁ።»

ዓብዲሳ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው። «እሺ» ብሎ ተነሳ። ገብቶ ካፖርቱን ከሚስማሩ አውርዶ ወንበሩ ላይ አኖረው። ቀጥሎ የሚያደርገው የጠፋው መሰለኝ። ያንን ሁለተኛ ጠርሙስ ከጥላው አነሳ።

«መንገድ ላይ ይጠማሻል፤ ይህን ያዢ» አላትና፣ ቆርኪውን ሳይከፍት ገና ከወዲሁ እንደ ልማዱ ሊነቀንቀው እጁን አነሳ።

«እማዬ ብታይህ ትቆጣህ ነበር» አለች ዱረቲ።

«እኔን? መቼ ተቆጥታኝ ታውቃለች?»

«እኔን ትቆጣኝ ነበር። ከሱቅ አምጪ ብላ ልካኝ እየሮጥኩ ከመጣሁ ‹ውሃውን ገደልሽው› ትለኛለች። አንድ ጊዜ ከእጄ ተቀብላ ሌላ እንዳመጣ መልሳ ልካኛለች።»

ዓብዲሳ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። «ምኑን ነው የገደልሽው?»

«እኔ እንጃ፣ ልጅ ነበርኩ። ብቻ ሳይከፈት፣ ሳይናጥ ነው የምትፈልገው። ዘይቱ ከጋለ በኋላ ዱቄቱ ላይ ራሷ ትከፍተውና ወዲያው...» እጇ አየሩ ላይ ቀረ። አባቷን አየችው። እኔም አየሁት። ጠርሙሱን በሁለት እጁ፣ የተኛ ሕፃን እንደያዘ ሰው፣ ቀጥ አድርጎ ይዞታል።

«ታዲያ ለእኔ የምትቀዳልኝ ግማሹ?» አለ።

«ከሊጡ የተረፈው ነዋ።»

«እኔ ደግሞ ለሊጡ ሌላ ከፍታ፣ ይሄን ስትሠራ ጠምቷት የጠጣችው ይመስለኝ ነበር።»

«እማዬ?» አለች ዱረቲ። «እማዬ አምቦ ውሃ መቼ ትወድ ነበር? አፍንጫዬን ይወጋኛል ትል አልነበር?»

ዓብዲሳ ይህን አያውቅም ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ያንን ውሃ ሲጭን ኖሯል፤ ሚስቱ እንደማትወደው የሰማው ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ የተነሳችው ዱረቲ ናት። ጠርሙሱን ቀስ ብላ ከእጁ ተቀበለችው። የወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ስትደርስ ቆም አለች፣ እጇን መቃኑ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ገባች። ዓብዲሳ ተከተላት። እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ፤ ድምፃቸው ግን ይሰማኛል።

«ዘይቱ ይጋል መጀመሪያ። አትቸኩል።»

«እየጋለ ነው።»

«አሁን ዱቄቱን። አሁን ቆርኪውን።»

ትስ አለ። «ተመልከት፣ ሲፈላ» አለች። «ቶሎ በለው፣ ብዙ አትማስለው፣ ሳይሞት!» ከዚያ ዘይቱ ጮኸ።

ያመጡልኝን አንድ ክብ በጎን በኩል በቀሩት ጥርሶቼ ነከስኩት። ተንኮሻኮሸ። ባለቤቴ ከአጥሩ ማዶ ደጃፏን ስትከፍት ሰማሁ።

«ቀጀላ» አለች በአጥሩ ላይ፣ «ምንድን ነው እሱ?»

ሁለተኛ ክብ ጎረስኩ። ዱረቲ እንባዋ እየወረደ ትበላ ነበር፤ መብላቱን ግን አላቆመችም። ሳህኑ ባዶ ሲሆን እጇን ጠረገችና ባዶ ቦርሳዋን አጣጥፋ ሌላ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ያህል ትንሽ አደረገችው።

«በሚቀጥለው ወር ሽንኩርት ይዤ እመጣለሁ» አለች።

«ከካቺሲ ሽንኩርት ተሸክመሽ?» አላት።

«ያንተ ትንንሽ ነው። የሚሸጥልህ ሰው ያታልልሃል። ደግሞ ቀበቶህን አያለሁ።»

እሷ ካፖርቱን ወደ ሚስማሩ ስትመልስ ዓብዲሳ የተረፈውን ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳ። አረፋው ከታች ወደ ላይ ይሮጣል። ማንኪያ አነሳ፣ ብርጭቆው አፍ ድረስ አደረሰው፣ ከዚያ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ራሱ እስኪረጋ ይጠብቀው ጀመር።