ድንኳኑ የት ይተከል?

«ሲሚንቶ ካፈሰስክበት ካስማ የት ልንመታ ነው?» አሉ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ፣ ጓሯችን መሃል ቆመው።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ኳስ ይጫወቱበት ብዬ ነው እኮ» አለ አባዬ።

አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈራችን ሰፊ ጓሮ የቀረው የእኛ አሮጌ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ከጎረቤት ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እኛ ጋ ነው። አባዬ ደግሞ ለእኔና ለወንድሜ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሊያሠራልን ምሰሶውን አስተክሏል፤ መሬቱ በማግስቱ ሲሚንቶ ሊፈስበት ነበር።

«ማን ሞተና ነው አሁን?» አለ አባዬ ተሰላችቶ።

«እኔ ነኛ፣ ተራዬ ደርሷል። ቤቴ አንዲት ክፍል ናት። ለቀስተኛው አስፋልት ላይ ይቀመጥልኝ?»

መሬቱን ሲደለድል የዋለው ግንበኛ አቀርቅሮ አካፋውን ይጠርጋል። እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ እንዴት እንደወጣኝ እንጃ፣ «ድንኳኑን ምሰሶው ላይ ብናስረውስ?» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጋሽ ወልዴ ወደ ምሰሶው ሄዱ። ቀና ብለው የቅርጫቱን ቀለበት ብዙ አዩት። ከዚያ ምሰሶውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ባላቸው ኃይል ነቀነቁት። ንቅንቅ አላለም። ኮታቸውን አራገፉና አባዬን «አፍስስ» ብለውት በበሩ ወጡ።