ሳይጠጡት ያዳናቸው መድኃኒት

በደርግ ጊዜ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ መድኃኒት ቤት እሠራ ነበር። አንድ ቀን ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ገቡና በጣሊያን ዘመን የታተመ ጋዜጣ ባንኮኒው ላይ ዘረጉልኝ። የመድኃኒት ማስታወቂያ ነበር።

«ይኼን መድኃኒት ታውቀዋለህ?»

«ከገበያ ከጠፋ የቆየ ይመስለኛል፣ አባቴ። ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለማንም አይደለም። ይልቅ ፎቶውን እየው።»

አንድ ጎፈሬ ያበጠረ ጎረምሳ ጠርሙስ ይዞ ይስቃል። ቀና ብዬ ሳያቸው አፍንጫው ያው የሳቸው ነው። ግራ ገባኝ።

«እርስዎ ነዎት? ጠጥተውት ዳኑ ማለት ነው?»

«ወላሂ ቀምሼውም አላውቅ! ኮምቦልቻ ገበያ ላይ አንድ ጣሊያን ጠርሙሱን አስይዞ ፎቶ አነሳኝና ስኳር ሰጠኝ። ጋዜጣው ሲወጣም አመጣልኝ። እኔም ሚስቴም ፊደል ስለማናውቅ ፎቶውን እያየን ስንኮራበት ኖርን።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ዘንድሮ ሚስቴ መሠረተ ትምህርት ገብታ ማንበብ ቻለች።»

ከፎቶው ሥር ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ ያን ጊዜ አነበብኩት። «ይህ ሰው መካን ነበር። ሦስት ጠርሙስ ጠጥቶ አራት ወንዶች ልጆች ወለደ» ይላል።

«የኛ ሁለት ሴቶች ናቸው» አሉ ሽማግሌው። «አራቱን ወንዶች ከማን ወልደህ የት ደበቅካቸው ብላ ከቤት አስወጣችኝ።»

«ውሸት ነው አይሏቸውም?»

«ብያት ነበር። አንተ ግን በማኅተም ጻፍልኝ፤ እሷ እንደሁ ከእንግዲህ የተጻፈ ካልሆነ አታምንም።»