ስለ ምርጫ ስትጠይቅ ስለ ገብስ የተረጎምኩበት ቀን

ሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ ካምፕ ምሳ በልተን ገና እጃችንን ሳንታጠብ ነው ሴትዮዋ ጉድ ያፈላችው...

ነገሩ የሆነው ያኔ ነው፣ ምርጫ ሲመጣ ውጤቱን ከቆጠራው በፊት ሁላችንም በምናውቅበት ዘመን። እኔ ደባርቅ አስጎብኚ ነበርኩ። አስጎብኚ ሥራ የሚያገኘው በተራ ነው፤ ተራህ ካለፈህ አስፋልት ዳር ቁጭ ብለህ የሽሬን አውቶብስ መሸኘት ነው። በዚያ ሰሞን አንዱ ጓደኛችን ሻይ ቤት ስለ ምርጫ ትንሽ አፉ አምልጦት ተራው ተዘለለ። ለምን እንደተዘለለ የነገረው የለም፣ እሱም አልጠየቀ። የኔ ሚስት ደግሞ ወሯ ገብቷል።

እንግዳዬ አሜሪካዊት ናት፣ ሊንዳ የምትባል፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። የምትኖረው ከትልቅ ከተማ ዳር ባለ ሰፈር ነው፤ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ፊት ለፊቱ ሣር ያለው። ምርጫ ሲደርስ ቤት ለቤት እየዞረች ሰዉ ወደየት እንዳዘነበለ ትጠይቃለች። ከትልቁ መንገድ ወዲህ ያሉት ሽማግሌዎች ድሮም ዛሬም አንዱን ወገን ነው የሚመርጡት። ከመንገዱ ማዶ ግን ወጣት ባለትዳሮች ከከተማ እየወጡ ቤት ሲገዙ ድምፁ ወደ ሌላው ዞረ አለችኝ። ደግሞ ሰዉ የሚመርጠውን ሰው ስም በሰሌዳ ጽፎ ሣሩ ላይ ይተክለዋል። የፊት ለፊት ጎረቤቷ የሌላውን ስም ተከለች፣ ይኸው ሰላምታ ካቆሙ ቆዩ። ይህን ስትነግረኝ ከፍቷት ነበር።

እኔ በሆዴ «ደጁ ላይ? በገዛ እጁ?» እያልኩ እሰማለሁ።

ከዚያ ወደ ሰዎቻችን ዞረች። የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። በቅሎ ጫኛችን አያ ፈንታ አሉ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ትንሽ ራቅ ብሎ ድስት የሚያጥበው አብሳያችን ጋሽ ሙላት ነው። ጋሽ ሙላት ማለት... የሰፈራችን የአንድ ለአምስት ጠርናፊ። የሰማውን ወደ ላይ ያደርሳል ይባላል፣ እኔም አምናለሁ።

«ጠይቅልኝ እስቲ፣ እዚህ ሰው ወደየትኛው ወገን ያደላል? እሳቸውስ ባለፈው ማንን መረጡ?» አለችኝ ወደ አያ ፈንታ እያመለከተች።

ላብ አጠመቀኝ። በጨነቅ ብርድ! የጋሽ ሙላት እጅ ድስቱ ላይ ቀጥ ያለ መሰለኝ።

«አያ ፈንታ፣ ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነው ትልዎታለች» አልኩ።

አያ ፈንታ ደስ አላቸው። ስለ ገብሳቸው የጠየቀ ፈረንጅ አይተው አያውቁም። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን ማሳ ውርጭ እንደመታው፣ ከታች ያለው ግን የሚያኮራ እንደሆነ፣ የወንድማቸውን ሙጃ የሚሉት አረም እንደበላው፣ በዱላቸው መሬት ላይ እየሣሉ አወሩላት። ስካውቱም አላስችለው ብሎ ገባበት፤ ውርጩ ላይ ሳይስማሙ ቀርተው ሊጣሉ ነበር። ሊንዳ በጉጉት ራሷን እየነቀነቀች ትከታተላለች።

«ምን አሉ?» አለች ሲያበቁ።

«ድምፅ ምስጢር ነው አሉ።»

«ይሄን ሁሉ ተናግረው?»

እዚህ ሀገር ምስጢር አጥብቀን ነው የምንይዘው አልኳት። አመነችኝ አላመነችኝ እንጃ፣ ብቻ ካሜራዋን ይዛ ጭላዳ ዝንጀሮ ልታይ ሄደች።

እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እረፍት አጣሁ። ጋሽ ሙላት ለፈረንጅ ሲያበስል የኖረ ሰው ነው፣ እንግሊዝኛ አያጣም። ሰምቶ ይሆን? ሰምቶስ ማንን ነው የሚጠረጥረው፣ እሷን ወይስ እኔን? እራት ላይ ሾርባ ሲቀዳ ለኔ አብዝቶ ሞላልኝ... ይሄ ደግሞ ምን ማለቱ ነው እያልኩ ሾርባውን ሳማስለው ቀዘቀዘ።

ጠዋት በቅሎዋ ስትጫን እሱ ባንድ ወገን እኔ ባንድ ወገን ሆነን ገመድ እንስባለን። ቀና ሳይል ጀመረ።

«ትናንት ሴትዮዋ ስለ ገብስ አይደለም የጠየቀችው።»

ገመዱን ደግሜ ሳብኩ።

«አይዞህ» አለኝ። «ሰፈር ውስጥ የምጠረንፋቸው ቤቶች አሉ አይደል... ገና በር ላይ ሲያዩኝ ወሬ ይቀይራሉ። ስለ ገብስ፣ ስለ ዝናብ። ወንድሜም እንደዚያው ነው። አንተስ ምን ታስባለህ ያለኝ ሰው የለም። ትናንት ሴትዮዋ ስትጀምር፣ እኔም ጋ ትደርሳለች ብዬ ድስት እያጠብኩ ስጠብቅ ነበር።»

ገመዱን አላጠበቀውም። እንደያዘው ቆሞ አየኝ።

«እስቲ አንተ ጠይቀኝ» አለኝ።

እውነቱን ይሁን ወጥመድ መለየት አቃተኝ። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው። መጠየቅም አማረኝ፣ የእውነት አማረኝ... ግን ተራዬ ትዝ አለኝ፣ ሚስቴ ትዝ አለችኝ።

«ጋሼ... እናንተ ጋ ገብሱ ደህና ነው?» አልኩት።

«ደህና ነው» አለና ገመዱን አጥብቆ አሰረ።

ተራዬ አልተዘለለም። ጋሽ ሙላትም ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርቶኝ አያውቅም።

የሊንዳ ሰፈር ሰው ደጁ ላይ ስም ይተክላል... እኛ ሰፈር ግን ያኔ ከገብስ በቀር የሚበቅል ነገር አልነበረም።