የጋቢው ጫፍ

ልጄ ሲሳይ ካገባ ሁለተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ባለፈው ጥቅምት፣ ገብስ ሊታጨድ ሲል፣ ላሊበላ ወደተከራየው ቤት ትንሽ ቅቤና የባቄላ እሸት ይዤ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ ስገባ ምራቴ እንዬ አልጋው ላይ ተቀምጣ የትራሱን ስፌት በምላጭ ትተረትራለች። የሠርጉ ጋቢ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ጫፉን ክር በክር ስትፈትሽ እንደቆየች ያስታውቃል። ስታየኝ ትራሱን ከኋላዋ ሸሸገች።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም እማዬ። ቁንጫ ነው።»

ቁንጫ በምላጭ አይፈለግም። ይህንኑ ልላት ስል ሲሳይ ከሥራ ገባ። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ። እኔን ከመሳሙ በፊት የውኃውን ጆግ አንስቶ ቆሞ ጨለጠው። እንደገና ቀዳና ጨለጠው። ሦስተኛውን ሲቀዳ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

ያን አጠጣጥ አውቀዋለሁ። አባቱ እንደዚያ ነበር የሚጠጣው። ምራቴ በትራስ ውስጥ የምትፈልገውንም አውቀዋለሁ፤ እኔም ሙሽራ ሳለሁ በዚያው ፍለጋ መሐል ቆሜ ነበርና። ልጄ የሚሞትበትን መንገድና በእሱ ሰበብ ሌላ ሰው የሚጠፋበትን መንገድ በአንድ ጊዜ አየኋቸው።

ያኔ ደርግ ወድቆ ኢህአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ምስጋናውን ያገባሁት በጥር ነው። ከእናቱ ጋር የኖርንበት ቤት ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር ነበር፤ ከወላጆቼ ቤት የሚለየን አንድ ወንዝ ብቻ ነው። በወላጆቼ በኩል እታለም ብርቄ የምትባል ጎረቤት ነበረችን። ባሏ ልጅ አልወለደችም ብሎ ፈቷታል፤ እሷም ከደጇ ተቀምጣ እንዝርቷን ስታሾር ትውላለች። ጥጡን ለእሷ የማይሰጥ ሰው አልነበረም። የእሷን ፈትል የለበሰ ሰው ብርድ አያገኘውም ይባል ነበር፤ የላስታ ብርድ ደግሞ ቀላል አይደለም። እኔንም መፍተል ያስተማረችኝ እሷ ናት። ክር ሲበጠስባት የምትቀጥልበት የራሷ መላ ነበራት። ሁለቱን ጫፍ ታስተቃቅፍና አንዱን በሌላው ሥር ሁለት ጊዜ አሳልፋ ትስበዋለች። የምስር ፍሬ የምታህል ጠፍጣፋ ቋጠሮ ትሆናለች።

«ይችን ላንቺ ብቻ ነው ያሳየሁት» ትለኝ ነበር እየሳቀች። «ሌላ የማወርስሽ ነገር የለኝም።»

የሠርጌን ጋቢ የፈተለችው እሷ ናት። ሸማኔው ሠርቶ ካመጣው በኋላ ጫፉ ሊተረተር ሲል ሦስት ቦታ ላይ በዚያችው በእሷ መላ ቋጠርኩት፤ እኔው፣ በራሴ እጅ። ሠርጉ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ቋጥሬ ረሳሁት።

ከሠርጉ በኋላ ምስጋናው ባል ሊሆነኝ አልቻለም። ሰው የማይጽፈውን እጽፋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ባፍር ለማን ይጠቅማል። ይወደኝ ነበር፤ ሰውነቱ ግን እምቢ አለው። መጀመሪያ የድግሱ ድካም ነው አልን። ሳምንት ሳምንትን ሲተካ ዓይኔን ማየት ተወ። ጠላ ሲቀዳለት ውኃ ይላል። ሲሄድ ይደክመዋል። ከጓሮ በሚሸናበት ድንጋይ ሥር ጉንዳን ይሰለፋል። አየሁት፣ ገረመኝ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ጉንዳን ምን እንደሚያወራ በምን አውቃለሁ።

እናቱ እማማ አለሚቱ ቀኑን ይቆጥሩ ነበር። በየማለዳው በር ላይ ቆመው ፊቴን ያያሉ። ለእህታቸው ሲነግሩ ሰማኋቸው፤ «እግሯ ነው። ከገባች ጀምሮ ልጄ እየመነመነ ነው። ለእናቷ ትመለስ።» የተመለሰች ሙሽራ በእኛ አገር ምን እንደምትሆን አውቃለሁ፤ እታለም ብርቄን እያየሁ ነው ያደግኩት።

እህታቸው ሌላ ነገር አሉ። «ልጅሽ ታስሮ ቢሆንስ?» ያኔ የሚታመነው እንዲህ ነው፦ ሙሽራው አቅም ካጣ የሚመቀኘው ሰው ክር ቋጥሮበታል፤ ቋጠሮው ተገኝቶ በቋጠረው እጅ ካልተፈታ አይድንም። እማማ አለሚቱ ያን ቀን መኝታችንን አፈረሱት። ጋቢውን ወደ ብርሃን አውጥተው ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱና ቆሙ።

«ይኸው» አሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይሄ የማን እጅ ነው?»

የእኔ ነው ብል ያንኑ ቀን ወንዙን እሻገር ነበር።

«ፈትሉ የእታለም ብርቄ ነው» አልኩ።

ይህ እውነት ነው። ፈትሉ የእሷ ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ የውሸት ቃል ሳይወጣኝ ዋሸሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎች ከወይራው ሥር ተቀምጠው አስጠሯት። እንዝርቷን እንደያዘች መጣች።

«ብርቄ፣ ያሰርሽውን ፍቺ» አሏት አንዱ።

«ያላሰርኩትን ምኑን ልፍታ?»

«ክሩ ያንቺ አይደለም?»

«ክሩማ የኔ ነው። እናንተስ የለበሳችሁት የማን ክር ነው? ሁላችሁንም አስራናለች በሉኛ።»

አንዳንዱ ሰው ሳያስበው ጋቢውን ከትከሻው ዝቅ አደረገ። የሳቀ አልነበረም። ጋቢውን አቀበሏት። ጫፉን ይዛ የመጀመሪያውን ቋጠሮ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። እጇ ቆመ። ቀና ብላ ሴቶቹ መሐል ፈለገችኝና አየችኝ። እንዳወቀች አወቅሁ። እንድናገር ጊዜ ሰጠችኝ፤ ረጅም ጊዜ። እኔ እግሬ ሥር ያለውን ጠጠር አየሁ።

ከዚያ ሦስቱንም በጥርሷ ፈታቻቸው። «ይኸው፤ ተፈታ» ብላ ጋቢውን መሬት ላይ ጥላው ሄደች።

መፍታቷ ጥፋቷን እንደማመን ተቆጠረ። ጥጥ የሚሰጣት ጠፋ። ምንጩ ዘንድ ስትደርስ ሴቶቹ እንስራቸውን ያርቃሉ፤ እኔም አራቅሁ። ፋሲካ ሳይደርስ ጓዟን ተሸክማ በወልድያ መንገድ ላይ ወዳለችው ጋሸና ሄደች።

ምስጋናው ግን አልዳነም። በዐቢይ ጾም አሸተን ማርያም ጠበል ልናስይዘው ወጣን። ያ ዳገት ጤነኛውንም ያስለከልካል፤ እሱ ሃያ እርምጃ ሄዶ ይቀመጣል፣ ውኃ ይለኛል። በሦስተኛው ቀን ትንፋሹ እየረዘመ ሄደ፤ አፉ ከልክ በላይ የበሰለ ፍሬ ሸተተ። ስጠራው አይመልስም። የሚያጠምቁት ቄስ ጎንበስ ብለው አሸተቱትና እጃቸውን ከራሱ ላይ አነሱ።

«አባቴ፣ ይጸልዩለት» አልኳቸው።

«ጸሎቱን እኔ እይዛለሁ። እናንተ ሐኪም ቤት አድርሱት። መርፌውንም የሰጠ እግዜር ነው።»

ስምንት ሰው በቃሬዛ እየተቀባበለ አወረደው። ከላሊበላ እህል የጫነ መኪና አገኘን። ጋሸና ስንደርስ ጉም ወርዶ ቤቶቹ አይታዩም፤ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ወልድያ እስክንገባ እስትንፋሱን በመዳፌ እጠብቅ ነበር።

ሆስፒታል በገባ በአራተኛው ቀን ነቃ። የሚያክመው ነርስ ቀልደኛ ሰው ነው። ምስጋናው አፍሮ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ሁሉንም ነገረው።

«ማን አሰረኝ አልክ?»

«አንዲት ሴት ናት አሉ።»

«ስኳር ነው ያሰረህ። ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ ሰውነት ይደርቃል፣ ጉልበት ይከዳል፣ የወንድ አቅምም አብሮ ይደክማል። አንድ ቀን ያቃተው ሰው ደግሞ በማግስቱም እንዳያቅተው ይፈራል፤ ፍርሃቱ ራሱ ያደክመዋል። ይሄ እንደ ጉንፋን በሽታ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ለስኳሩ መርፌ አለን። ለፍርሃቱ የምትረጂው አንቺ ነሽ፤ ቀን አትቁጠሪበት። እናቱም ከበሩ ላይ ይነሱለት።»

እንዳለው ሆነ። ክረምቱ ሳይወጣ ባልና ሚስት ሆንን፣ በሁለተኛው ዓመት ሲሳይ ተወለደ። እማማ አለሚቱ በሽታውን ስነግራቸው፣ «መርፌውም የሠራለት እሷ ስለፈታችው ነው» አሉ። ያኔም ዝም አልኩ።

ምስጋናው በእግሩ ቁስል እስኪሞት ድረስ ዘጠኝ ዓመት ያህል መድኃኒት ልናመጣ ወልድያ ተመላልሰናል። መኪናው ሁልጊዜ ጋሸና ይቆማል። ሰዉ ወርዶ ሽሮውን በልቶ ይመለሳል፤ እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎትቼ ከመቀመጫዬ አልነሳም። እታለም ብርቄ መንገድ ዳር ድንች ቀቅላ እንደምትሸጥ ሰምቼ ነበር። ልጄ ሲጠይቀኝ «አባትህ በእግሩ ሞተ» ብዬ አሳደግኩት። ስኳር የሚለውን ቃል ቤቴ አላስገባሁትም፤ እሱን ባነሳ ጋቢው ይከተላል። ዝምታዬ ብርቄን ካሰደደ በኋላ ደግሞ ልጄ ላይ ደረሰ።

ያን የጥቅምት ቀን እንዬን ጠየቅኋት። «ማንን ነው የጠረጠርሽው?»

አቀርቅራ፣ «ይቺ ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊዋ። የሠርጉን ትራስ የሰፋችው እሷ ናት» አለች።

ጋቢው ላይ ተቀምጬ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳቸው። ሲሳይ ጆጉን እንደያዘ ቆሞ ሰማኝ። ተቆጣ። «ይህን ሁሉ ዓመት እያወቅሽ?» አለኝ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ጣቱን ወግተው ደሙን አዩና ወደ ወልድያ ላኩን። መርፌ ጀመሩለት፤ አወጋጉን ለእንዬም አስተማሯት፤ ሌላውም ነገር ስኳሩ ሲስተካከል ይስተካከላል ብለው ለሁለቱም አስረዷቸው። እንዬ ሥራዋ ስላስቸገራት ቀድማ ተመለሰች። እኔና ሲሳይ ሳምንት ቆይተን ስንመለስ አውቶቡሱ ጋሸና ቆመ። ወረድኩ።

ነፋሱ አቧራ ያነሳል። ድስቷን በጆንያ ሸፍና ተቀምጣለች፤ ጸጉሯ ነጭ ሆኗል።

«እታለም ብርቄ» አልኳት። «ቋጠሮው የኔ ነበር።»

«አውቃለሁ። ያስተማርኩትን ቋጠሮ ይጠፋኛል?»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ዝም ስትይ ደግሞ፣ ይቺን ልጅ እንደኔ ሊመልሷት ነው ብዬ ተውኩት። ጥጥ እንዲህ የሚነፍጉኝ መስሎኝ አልነበረም።»

«ይቅር በይኝ።»

ድንቹን አማሰለች። «በየመኪናው ስታልፊ አይሽ ነበር። ነጠላ የሸፈነሽ መስሎሽ ነው? ነጠላውን የፈተልኩት እኔ አይደለሁም?»

ይቅር አልኩሽ አላለችም። አጠገቤ የቆመውን ሲሳይን አየችው። «የምስጋናው ልጅ ነው? የአባቱን ስኳር ከመንገደኛ ሰምቻለሁ፤ እሱንም ያዘው? ድንች ይበላል?»

«በልክ ብለውታል» አልኳት።

ሦስት ድንች አውጥታ አሰበችና አንዱን ወደ ድስቱ መለሰች። ሁለቱን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው።

በቀጣዩ እሁድ ከወይራው ሥር ቆሜ ተናገርኩ። እማማ አለሚቱ ሞተዋል፤ ከሽማግሎቹ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጆሯቸው ደክሟል። «ምን አለች?» ስላሉ ጥፋቴን ሁለተኛ ጊዜ ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ። ሰዉ ብርቄን ትምጣ አለ። እስካሁን አልመጣችም። አልፈርድባትም።

ይህን የምጽፈው ሲሳይ ቤት ነው። ትራሱ ተሰፍቷል፤ የሰፋችው ያችው ጎረቤት ናት፣ ለምን እንደተተረተረ አልጠየቀችም። ልጄ አሁን ከሥራ ገባ። ጉንጬን ሳመኝ፣ እጁን ታጠበ፣ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ። ጆጉ ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ነው፤ አልነካውም። የብርቄ ነገር ከእኔ ጋር ይኖራል። ልጄ ግን ተርፏል። በጊዜ ደርሰንለታል፤ ደህና ነን።