ባንግላዴሽን የሚወዱት የእድራችን ዳኛ

መምህር ይርጋ አየነው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ደብረ ማርቆስ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ከአማኑኤልም ከደብረ ኤልያስም ለመጣችሁ፣ በስልክም ላለቀሳችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔም ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ ተማሪያቸው ነኝና ጥቂት ልጻፍ።

ጋሽ ይርጋ ከዓለም አገሮች ሁሉ ባንግላዴሽን ለይተው ይወዱ ነበር። ሄደው አያውቁም። «እኛ ጎጃሞች ወንዝ ሸኝተን የምንቀር ነን፤ እነሱ የሰው አገር ወንዝ ሁሉ የሚደርስባቸው ናቸው። ታዲያ እንዴት አላስብላቸው?» ይሉ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላም ትንሿን ሬዲዮ ከጆሯቸው አስጠግተው የዚያን አገር ጎርፍ፣ ሰልፍና ምርጫ ይከታተላሉ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ዜናውን ይነግሩናል።

የእድራችን ዳኛ ነበሩ። አንድ የቀን ሠራተኛ ሞቶ «አባል አይደለም» የሚል ክርክር ቢነሳ፣ «ስሙ መዝገብ ላይ የለም ብላችሁ ሚስቱን ሜዳ ላይ ልታስለቅሷት ነው?» ብለው የድንኳኑን ምሰሶ ራሳቸው ተሸክመው ወጡ። ግን እውነቱን እንናገር፤ እድሩን የሚገዙት እንደ ክፍላቸው ነበር። አርፍዶ የመጣ የልጆች አባት ጥግ ላይ ቆሞ ይቆያል። ዳኛ ሲመረጥም እሳቸው ፊት እጅ አውጡ ይባላል፤ ማን ደፍሮ ሌላ ሰው ይመርጣል!

ከዚያ የባንግላዴሽ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ብዙዎቹ መገደላቸው ሲሰማ ጋሽ ይርጋ እህል አልቀምስ አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ አገር ጥለው የወጡ ዕለት ግን ለቅሶ ላይ ነበርንና ከመሀላችን ተነስተው፣ «አሥራ አምስት ዓመት! ሰው ወንበር ላይ ይህን ያህል ሲቆይ፣ ሕዝቡ እንደሰለቸው እንኳ የሚነግረው ያጣል» አሉ።

እህል ነጋዴዋ ወይዘሮ ጌጤ ቀስ ብለው፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ ስንት ሆነዎት?» አሏቸው።

በዳኝነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነበር። ጋሽ ይርጋ ተቀመጡ።

በወሩ ስብሰባ ማሰሮ ይዘው መጡ። «ይርጋ ይቆይ የሚል አተር፣ ይብቃው የሚል ባቄላ ይጨምር። እኔ ውጭ እጠብቃለሁ» ብለውን ወጡ። ተራዬ ሲደርስ ባቄላ ጨመርሁ። ማሰሮው ሲገለበጥ ባቄላው በለጠ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ እዚያው ለመረጥናቸው ለአዲሷ ዳኛ ለወይዘሮ ጌጤ አስረክበው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ደጅ አልታዩም። ልጠይቃቸው ብሄድ፣ «አንተስ ምን ጨመርህ?» አሉኝ።

«አተር» አልሁ።

ትክ ብለው አዩኝ። ይህ ውሸት እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ስንት ጊዜ እውነቱን ልነግራቸው ሄጄ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመልሻለሁ!

ቀጥሎ ሰው ሲሞት ግን ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ። «ዳኛዬ፣ ምሰሶው የት ይተከል?» አሏቸው ወይዘሮ ጌጤን።

«ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ ይቀመጡ!»

«እዘዢኝ እንጂ! መውረዱን ወርጃለሁ፤ መሥራቱን ማን ከለከለኝ?»

ከታመሙ በኋላም የሚጠይቁኝ ስለ ባንግላዴሽ ነበር። «ማስወጣቱንስ አስወጡ፤ ተስማምቶ መኖሩን ይስጣቸው» ይሉ ነበር። ወንበራቸውን ካስረከቡ በኋላ ይበልጥ እንደወደድኋቸው ልነግራቸው ይገባኝ ነበር።

ጋሽ ይርጋ፣ ባቄላ ነበር የጨመርሁት። ስለሚወዱን እንደሚቆጡን አውቅ ነበር፤ ግን ሌላም ሰው እንዲሞክረው ፈለግሁ። እርስዎ ደፍረው ጠየቁኝ፤ እኔ ደፍሬ መመለስ አቃተኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያስተምሩኝ የኖሩት ግን እሱኑ ነበር። ይቅር ይበሉኝ፣ መምህሬ።