ጋረደው ሴልን በገመድ ያስተማረበት ቀን

ጋረደው ጭልጋ ውስጥ የሳይንስ መምህር ነበር። በሰባ ሰባት ዓ.ም. ርሃቡ ከእኛ ጋር ሱዳን፣ ገዳሪፍ አወረደውና ፋሽጋ እርሻ ላይ ሰሊጥ አጫጅ ሆነ። አጫጅ ማለቴ ለወጉ ነው፤ ከሚያጭደው የሚያረግፈው ይበልጥ ነበር። የሰፈርንበት የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ሲከፈት ሱዳናዊው ዳይሬክተር ያዕቁብ፣ "አንድ ቀን አስተምር፤ ተማሪዎቹ ከገባቸው ትቀጠራለህ" አለው። ካልሆነ ቤቱን ጥሎ ወደ ፋሽጋ መመለሱ ነው። ሚስቱ ማሬ ደግሞ ደርሳለች፤ ዛሬ ነገ ትወልዳለች። ከእሱ በቀር ዘመድ የላትም።

ተማሪዎቹ እኛ ነን፤ ያዕቁብም ጥግ ቆሞ ያያል። ሰሌዳ የለ፣ ሥዕል የለ። ጋረደው በዳሱ ምሰሶዎች መካከል ገመድ ወጠረና፣ "ይህ ዳስ ሴል ነው" አለ። "ሰውነታችን የተሠራው ዓይን በማያያቸው እንዲህ ባሉ ትንንሽ ቤቶች ነው። ገመዱ የሴሉ አጽም ነው። ቤቱን ደግፎ ያቆማል፤ መንገድም ነው። ጓዳ የተሠራው ሁሉ ተጠቅልሎ እስከ ደጅ የሚሄደው በእሱ ላይ ነው፤ ከደጅ የገባውም በዚያው ይመለሳል።"

"ማን ተሸክሞት?" አለ ደመቀ፤ መጠየቅ አይታክተውም።

"ሊቃውንቱ ገና እያጠኑት ነው። እስኪደርሱበት እናንተ ተሸከሙ!"

ተሸከምን። ደመቀ ጋረደው ካመጣው ሰሊጥ አንድ ነዶ ይዞ፣ ገመዱን በአንድ እጁ ጨብጦ ጓዳ ከተባለው ጥግ ተነሣ። እኛም ተከተልነው። ከደጅ በኩል ሸጊቱ ነዶዋን ይዛ መጣች። መካከል ላይ ተገጣጠሙ። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ሰላምታ ሳይጨርስ አይተላለፍም።

"እንዴት ሰነበትሽ?" አለ ደመቀ።

"እግዜር ይመስገን! እንዴት ሰነበትህ? ልጆቹ ደኅና?"

"ደኅና። ወገብሽስ?"

"ወገቤማ ምን እባክህ…"

ኋላ ያለነው ተደራረብን። ዝም ብለን ከምንቆም ብለን እኛም እርስ በርስ መሳሳም ጀመርን። ጋረደው፣ "ኧረ ሴል ውስጥ ሰላምታ የለም!" እያለ ይዘላል።

ሸጊቱ ዞር ብላ፣ "ታዲያ ምን ዓይነት አገር ነው?" አለችው።

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያዕቁብ "ወላሂ! ወላሂ!" እያለ እንባውን ጠረገ። ጋረደው ብቻ አመድ መሰለ።

"እሺ" አለ ያዕቁብ ሳቁን ውጦ፣ "መንገዱ ተዘጋ። ሴሉ ምን ይሆናል?"

ሸጊቱ የያዘችውን ነዶ አየች። "ጓዳው ሙሉ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ደጅ ያለው ግን ይራባል። ከጓዳ የራቀው ቀድሞ ይሞታል። እኛስ ያው አይደለን? እህሉ ወደብ ደረሰ ሲባል በራዲዮ እየሰማሁ፣ የሚያመጣው መንገድ ጠፍቶ እኮ ነው አባቴን የቀበርሁ።"



"ገብቷቸዋል" አለ ያዕቁብ። "ኡስታዝ፣ መምህር ሆነሃል፤ ነገ ጠዋት ሥራ ትጀምራለህ።"

ከዚያማ ማን ይያዘን! አራት ሆነን ጋረደውን እንደ ነዶ አጋድመን ተሸከምነውና ወደ ጎጆው ሮጥን። ማሬ በሩ ላይ ቆማ አየችን። በዚያ ዓመት ሰው በሰው ትከሻ የሚሄደው ወደ መቃብር ብቻ ነበር። ራሷን ይዛ እሪ አለች።

ጋረደው እንደተጋደመ እጁን እያወዛወዘ፣ "ተቀጠርሁ! ማሬ፣ ፋሽጋ አልሄድም!" ብሎ ጮኸ።

እሪታዋን ሳትጨርስ እልል አለች።