የእትዬ ደህና አደራችሁ ቀይ ልብ

የሆስፒታሉ ልብስ ሰፊ ሰው ሰላም ሳትል አታልፍም። ከበሩ እስከ ስፌት ክፍሏ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅባትም ለዚሁ ነው። በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እትዬ ደህና አደራችሁ» ነው የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መሃሉ የሳሳ አንሶላ ለሁለት ቀድዳ፣ ደህናውን ጠርዝ ወደ መሃል አምጥታ ስትሰፋ ኖራለች። ውሏ ግን ዛሬም በየዓመቱ የሚታደስ ነው።

አምና ልጇ ስልክ ገዝታ ፌስቡክ ከፈተችላት። ቀይዋን ልብ ስታሳያት፣ እናት በራሷ መንገድ ተረዳቻት፤ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ እያዩ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፣ ቀይዋ ልብ ሰላምታ ናት። ከዚያ ወዲህ ልብ ሳታስቀምጥበት ያለፈችው ነገር የለም። መነጽሯን የምታደርገው መርፌ ስትይዝ ብቻ ነውና ጽሑፉን ማን አይቶት።

አንድ ቀን ከልብስ አጣቢዎቹ አንዱ ከረባት ያሰረች አህያ ለጥፎ «አስተዳዳሪያችን ስብሰባ ላይ» ብሎ ጻፈባት። አሥራ አንድ ሰው ወደደው። አስተዳዳሪው በተራ ሲያስጠራቸው አንዱ ስልኬ ተሰርቆ ነበር አለ፣ ሌላዋ በሕፃን ልጇ አሳበበች፣ አጣቢው ራሱ እግር ላይ ወደቀ። እትዬ ብቻ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«እኔ አህያ እመስልዎታለሁ?»

«ኧረ ምን በወጣህ፣ ልጄ። አህያዋን አየሁና ሰላም አልኳት እንጂ።»

የምታላግጥበት መሰለው። ዋሾዎቹ በማስጠንቀቂያ ታለፉ፤ እውነቷን ለተናገረችው ግን ውሏ እንደማይታደስ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሏል ይሄ ነው።

አለቀሰች፣ ምን ይደበቃል። ልጇ እንደማታስርባት ታውቃለች። የጨነቃት ማለዳ ተነስታ ደህና አደራችሁ የምትለው ሰው ማጣቷ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሆስፒታሉ በገጹ ላይ «ልምድ ያለው ልብስ ሰፊ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ከሥሩ አንዲት ቀይ ልብ ተቀመጠች፤ የእሷው።

በማግስቱ አስተዳዳሪው ደወለላት።

«እትዬ፣ ገጻችንን ወደ ኋላ ሳገላብጥ ዋልኩ። ውሃ ለሦስት ቀን ይጠፋል ስንል ልብ ሰጥተዋል። ደመወዝ ይዘገያል ስንልም ሰጥተዋል። ሠራተኛ ፌስቡክ ላይ አደብ ይግዛ ያልነው እንኳ አልቀረዎትም።»

«ሰላም ማለቴ ነበር።»

«አሁን ገባኝ። የቸኮልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሰኞ ይምጡ፣ አንሶላው ተቆልሏል። ብቻ አደራ፣ ከእንግዲህ መነጽርዎን ያድርጉ። የራስዎን ቦታ ማስታወቂያ እንኳ ሳያነቡት ነው ልብ ያስቀመጡበት።»

እሺ ብላ ዘጋች። አጠገቧ ሆና ስትሰማ የነበረችው ልጇ በሳቅ ፈረሰች።

«እማዬ፣ እኔ ልሙት፣ እውነት ሳታነቢው ነው?»

«አንብቤዋለሁ። መነጽሬን አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ።»

የልጇ ሳቅ ቆመ። «ታዲያ?»

«ታዲያማ ሥራ ያጣ ሰው አይቶት ደስ ሊለው ነው። እንዴት ዝም ብዬው ልለፍ?»